የጀግናው በር

በዚህ ታሪክ ውስጥ ቅንጣት ውሸት ከተገኘ ምላሴ እንደ ቋንጣ ይሰቀል!

የመንደራችን ጎረምሶች ጠጥተው፣ የየቤቱን የቆርቆሮ በር በድንጋይ እየደበደቡ ሲያልፉ ምድር ትንቀጠቀጣለች፤ አንበሳ ቢሰማቸው ጎሬውን ይቀረቅራል። ይህን ከጀመሩ ወዲህ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደጅ የሚታይ ሰው ጠፋ። ቤት ሰብረው መግባት ጀምረዋል ተባለና ደግሞ ሰው እንቅልፍ አጣ።

ትናንት አመሻሽ ላይ፣ ዝናቡ ጣራው ላይ ሲወርድ፣ የአንድ የመንደራችን ሰው በር ተንኳኳ አልልም፣ ተነረተ። ብቻውን ነበር። መብራቱን አጠፋ፤ አልጋውን ጎትቶ በሩን አስደገፈና ከሥሩ ገባ። ሽመሉን አቅፎ፣ የሚያውቀውን ጻድቅ ሁሉ ጠራ። ድብደባው እየደከመ፣ እየደከመ ሄዶ ቆመ።

ጠዋት እድርተኛው ሲሰበሰብ ሰውዬው መሐል ቆሟል።

“ሃያ ይሆናሉ! በሬን በርግጄ ሽመሌን ይዤ ብቅ ስል፣ እግሬ አውጪኝ! አንዱንማ በማጅራቱ አንጠልጥዬ ከቦዩ ማዶ ጣልኩት።”

“በዚያ ዝናብ?”

“ዝናቡም ፈርቶ አባርቷል!”

“እሰይ የኔ አንበሳ! አንተን የመሰለ ጎረቤት እያለንማ ምን እንፈራለን!” አሉ እየተቀባበሉ።

የግድግዳ ጎረቤቱ እትዬ ድንቅነሽ ግንባራቸውን በነጠላ ቅዳጅ አስረው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ቀና ሳይሉ፣ ዝግ ባለ ድምፅ ተናገሩ።

“ልጄ፣ እነሱ እኔ ቤት ነበሩ። ያንተን በር የደበደብኩት እኔ ነኝ።”