ቀን ያልነበረው ወረቀት

ስመኝ የወሊድ ፈቃድ ልትጠይቅ ስትገባ፣ አምስት ዓመት ሊጥ ያቦካችላቸው የዳቦ ቤቱ ባለቤት እትዬ ውድነሽ ከመሳቢያቸው አንድ ወረቀት አውጥተው ዘረጉላት።

"አንቺ እኮ ሥራ ለቀሻል፤ ይኸው ፊርማሽ።"

ፊርማው የእሷው ነበር። የተቀጠረች ዕለት ሳታነብ ከፈረመቻቸው ወረቀቶች አንዱ ነው፤ ያኔ ባዶ የተተወው የቀኑ ቦታ ግን ዛሬ በሌላ ቀለም ተሞልቷል።

"እትዬ፣ ስምንት ወሬ እኮ ነው! በዚህ ሆዴ ማን ይቀጥረኛል?"

"እሱን ያስረገዘሽን ጠይቂው።"

ሕጉ ለወላድ አራት ወር ከነደመወዟ እንደሚፈቅድ ታውቃለች። ወረቀቱን ላፍ አድርጋ ወደ ወረዳው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ገሰገሰች።

ኃላፊው መነጽሩን አጥልቆ ማንበብ ጀመረ። ገና ግማሹ ላይ ሳይደርስ ፊቱን አኮሳተረ።

"ኤጭ! ይሄማ ነውር ነው!"

የስመኝ ልብ መለስ አለ። በመጨረሻ የሚቆረቆርላት ሰው አገኘች። ኃላፊው እዚያው ፊቷ ስልኩን አንስቶ እትዬ ውድነሽ ጋ ደወለ።

"እትዬ፣ ምነው እንዲህ ያዋርዱኛል? እኔ አርቅቄ የሰጠሁዎት ላይ 'በገዛ ፈቃዴ' ይላል እኮ! ማነው ይቺን ቃል ያስቀረው? በሉ ሌላ አስገልብጠው ይላኩ፤ ልጅቷን እዚሁ አስፈርማታለሁ።"

ማቅለሽለሽ ከተዋት አራት ወር አልፎ ነበር። ስመኝ አፏን ይዛ ብድግ አለች፤ በሩ ግን ራቃት። ጠረጴዛው ላይ አስመለሰችበት።