አርባ ሰባት ናቸው የተባሉት ጦጣዎች

"አርባ ሰባት... አለቀ!" አለና ጦጣዎቹን ሊቆጥር የመጣው ባለሙያ ታብሌቱን ዘጋ።

የደን ጠባቂዋ መንገዱን ዘጋችበት።

ቁጥሩ ሃምሳ መሙላት ነበረበት...

ይህን አገር በቀል ጥብቅ ደን አሥራ አንድ ዓመት ጠብቃዋለች። ብርቅዬዎቹ ጦጣዎች ከሃምሳ ካነሱ ግን "መንጋው አይተርፍም" ተብሎ ጥበቃው ይነሳል። መንገድ ሠሪዎቹም ዛፎቹን መሃል ለመሃል ሰንጥቀው ያልፋሉ።

"እባክህ ወንድሜ፣ አንዴ ብቻ ድገመው!"

"እህቴ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ቆጥሬያለሁ። በለቅሶ ጦጣ አይወለድም።"

ይሄኔ ከታች፣ ከቦዩ ውስጥ ድምፅ መጣ...

"ሃምሳ ሦስት ናቸው!"

ጠዋት ደኑን ሊጎበኙ የገቡ አንድ አዛውንት ነበሩ። ጉልበታቸው ዳገቱን እምቢ ቢላቸው፣ ጦጣዎቹ ቦዩን ከሚሻገሩበት የወደቀ ግንድ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

ባለሙያው ሳቀ።

"አባባ፣ እኔ በመሣሪያ ነው የቆጠርኩት። እርስዎ በምን ቆጠሩ?"

"በዓይኔ፤ ጠዋት በዚህ ግንድ ሲሻገሩ።"

"ታዲያ ስድስት ጦጣ ከየት አመጡ?"

"አንተ ከላይ ሆነህ ጀርባ ቆጠርክ... እኔ ከታች ሆኜ ሆድ አየሁ። ስድስት እናቶች ሆዳቸው ላይ ሕፃን ለጥፈዋል።"

ባለሙያው ታብሌቱን መልሶ ከፈተ።

ጠባቂዋ ግን ጊዜ አልሰጠችውም።

"አሥር ሰዓት ላይ በዚያው ግንድ ይመለሳሉ። ወንድ ከሆንክ ወርደህ ቁጠር!"

ወረደ።

አሥር ሰዓት ላይ ባለሙያው ነጭ ሸሚዙን እንደለበሰ ከግንዱ ሥር ጭቃው ላይ በጀርባው ተንጋለለ...

ጦጣዎቹ ተራ በተራ ማለፍ ጀመሩ። ከአንዷ ሆድ ጸጉር ውስጥ አውራ ጣት የምታህል ፊት ብቅ አለች።

"እናትየዋ ሃያ... ሕፃኗ ሃያ አንድ!"

ጠባቂዋም አብራው መቁጠር ጀመረች።

"ሃምሳ... ሃምሳ አንድ... ሃምሳ ሁለት... ሃምሳ ሦስት!!!"

ጠባቂዋ ዘላ ጭቃ በጭቃ የሆነውን ባለሙያ አቀፈችው። ጩኸቷ ደኑን ሞላው። ጦጣዎቹ ሳይቀሩ "ይቺ ሴትዮ ምን ነካት?" በሚል ዓይን ዞረው አዩዋት።

ባለሙያው ጭቃውን እያራገፈ ወደ አዛውንቱ ቀረበ።

"አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን እንዲህ መቁጠር የት ተማሩ?"

"አውቶቡስ ላይ።"

"አውቶቡስ?!"

"ሠላሳ አንድ ዓመት ትኬት ቆራጭ ነበርኩ። የትኬት ገንዘብ የቸገራት እናት ልጇን ልብሷ ሥር እንዴት እንደምትሸሽግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።"

"ታዲያ ያወርዷቸው ነበር?" አለች ጠባቂዋ።

"ምን በወጣኝ! እያየሁ እንዳላየሁ አልፍ ነበር። ያኔ ለሕፃናቱ የጠቀማቸው አለመቁጠሬ ነው ልጄ... ዛሬ ደግሞ መቁጠሬ ሆነ።"

ደኑ ተረፈ!

ወዳጆቼ... ከላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ጀርባ ብቻ ይቆጥራል። እውነቱን የሚፈልግ ዝቅ ይላል... ሸሚዙ ቢቆሽሽም።

እስቲ እናንተስ... በቤታችሁ ወይም በሥራ ቦታችሁ እያለ ማንም የማይቆጥረው ሰው ማን ነው? ዛሬ እኛ እንቁጠረው፤ ኮመንት ላይ ጻፉልን።