ከመታጠቢያ ቤታችን መስኮት ሥር የሚቆመው ሽማግሌ

ሽማግሌው ዛሬም እዚያው ቆሟል...

ከመታጠቢያ ቤታችን ትንሿ መስኮት ሥር፣ የሱፍ ካባውን ቆብ ግንባሩ ድረስ ስቦ።

የወጥ ቤቱን መጋረጃ ገለጥ አድርጌ አየሁት። አንድ መዳፉን ወደ መስኮቱ ዘርግቷል። አይንቀሳቀስም።

እኔና ልጄ ታጥበን ከወጣን ገና ፀጉራችን አልደረቀም።

ጥቂት ቆይቶ እጁን ሰበሰበና ግድግዳውን እየተደገፈ ቀስ ብሎ ሄደ... ልክ እንደ ሌባ።

ለባሌ ለፋውዚ ስነግረው ሳቀ። ሽማግሌ ነው፣ ደክሞት ይሆናል አለኝ።

"ትናንትም በዚሁ ሰዓት ደክሞት ነበር?" አልኩት።

ሳቁን አቆመ።

ከከተማችን ከአናባ ድንበር ተሻግረን ተራራ ላይ ወዳለችው ከተማ አይን ድራሃም የመጣነው ልጃችን አንፋል በረዶ እንድታይ ብለን ነው። ቤቱን ያከራዩን አሮጊት፣ አክስት ሞንጂያ፣ ቁልፉን ሲሰጡን ሁሉንም አስረድተውን ነበር። የጋዝ ሲሊንደሩ ከወጥ ቤት ጀርባ ነው፤ ስትወጡ ዝጉት። ማታ ማታ ውሃው ይቀጥናል። ምድጃውንና የክፍሉን ማሞቂያ አንድ ላይ ካበራችሁ መብራቱ ይጠፋል...

መጨረሻ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"የመታጠቢያ ቤቷን መስኮት ግን እንዳትዘጓት። በረዶ ቢገባም ይግባ።"

ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ ዝም ብለሽ ተያት የኔ ልጅ ብለው ስለ ዳቦ ቤቱ ማውራት ጀመሩ።

አሁን ገባኝ...

እሳቸው መስኮት ያስከፍታሉ። እሱ ከሥሯ ይቆማል።

የዚያን ቀን ካሜራ ይኖር ይሆን ብዬ የሳሙና ማስቀመጫውን ሳይቀር ፈተሽኩ።

ፋውዚ ወፍራም ፎጣ አጣጥፎ መስኮቷን ወተፋት። በላዩ ላይ ፌስታል ዘርግቶ በፕላስተር ለጠፈው።

"አሁን ይይ" አለ።

በማግስቱ ፀሐይ ስትጠልቅ ፋውዚ ትኩስ ዳቦ ሊገዛ ወጣ። እኔ አንፋልን ይዤ ገባሁ። በጋዝ የሚሠራው የውሃ ማሞቂያ ከበላያችን እየተንጎራጎረ፣ እዚህ ቤት ከመጣን ለመጀመሪያ ጊዜ ሞቀን። አንፋል ውሃውን እየመታች ትስቅ ነበር።

ቆይቶ ራሴን ከበደኝ። በረዶ ላይ ስንጫወት ስለዋልን ነው ብዬ ዝም አልኩ።

አንፋልም ዝም አለች። እንቅልፍ መጣባት ብዬ ደስ አለኝ...

ድው... ድው... ግድግዳው ተመታ።

"ውስጥ ማን ነው የሚታጠበው?"

የሽማግሌ ድምፅ ነው፣ ከመስኮቷ ሥር። ትንፋሼን ዋጥኩ።

"ስንት ናችሁ?"

ይባስ ብሎ ስንት ናችሁ...

ወዲያው የከዘራው ጫፍ ፌስታሉን ቀዶ ገባ። ፎጣው ውሃው ላይ ወደቀ። ጮህኩ። ያገኘሁትን ለብሼ፣ አንፋልን በፎጣ ጠቅልዬ ወደ በሩ ስሮጥ ጉልበቴ ከዳኝ። ግድግዳ ይዤ ነው የደረስኩት።

ደጅ ላይ ዳቦው በረዶው ላይ ተበትኗል። ፋውዚ ሽማግሌውን አንገቱ ሥር ይዞ ከግድግዳ አጣብቆታል።

"የሰው ሚስት ስታይ አታፍርም? በዚህ ዕድሜህ?"

ሽማግሌው አልታገለም።

"ልጅ ነበረች ውስጥ... ድምፅዋ ጠፋ። መጀመሪያ እሷን አየር አስነካት። እኔን ከዚያ ትመታኛለህ።"

ፋውዚ ቡጢውን ሰንዝሮ አፍንጫው ጫፍ ላይ አቆመው።

ሽማግሌው ዓይኑን አላርገበገበም።

ቆቡ ወደ ኋላ ወርዷል። ሁለቱንም ዓይኖቹን ነጭ ሞራ ጋርዷቸዋል...

አያዩም።

እኚህ ሰው ምንም አያዩም።

ያን ጊዜ ነው እቅፌ ውስጥ ያለችውን ልጅ ያየኋት። አንገቷ እንደ ረጠበ ጨርቅ ትከሻዬ ላይ ወድቋል።

"ከግድግዳው ራቂ ልጄ፣ ነፋሱ ወዳለበት ሂጂ!" አሉኝ።

መንገዱ መሃል በረዶው ላይ ተንበረከክሁ። አንፋል... አንፋል...

አስመለሳት። ከዚያ አለቀሰች።

ጤና ጣቢያ ወሰድናት። የማሞቂያው ጋዝ ነው፤ ሽታ የለው፣ አይታይ፣ ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ሁለታችሁም አትነሱም ነበር አሉን።

የቀረውን የነገሩን አክስት ሞንጂያ ናቸው።

ሽማግሌው አጎት ኽማይስ ይባላሉ፤ ከተከራየነው ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤት ናቸው። ልጃቸው ዊዳድ የሰርጓ ሳምንት እዚያው እሳቸው ቤት፣ እንዲሁ ባለ ማሞቂያ ልትታጠብ ገብታ በሕይወት አልወጣችም። እንዳይበርዳት ብለው የመታጠቢያ ቤታቸውን መስኮት በጥምጥማቸው የወተፉት ራሳቸው ነበሩ...

ከዚያ ወዲህ የዚህ ቤት ማሞቂያ ሲንጎራጎር በግድግዳው በኩል በሰሙ ቁጥር ይወጣሉ። መዳፋቸውን ወደ መስኮቷ ይዘረጋሉ። ሞቃት አየር ከነካቸው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

የዚያን ዕለት መዳፋቸው ቀዘቀዘባቸው።

"ለምን አልነገሩንም?" አልኳቸው አክስት ሞንጂያን።

"ማሞቂያው ሰው ይገድላል ብዬ ብነግራችሁ ትከራዩኝ ነበር?" አሉና አንገታቸውን ደፉ።

ፋውዚ የአጎት ኽማይስን ግንባር ሳመ።

በማግስቱ አክስት ሞንጂያ ባለሙያ ጠርተው ማሞቂያውን ወደ ደጅ አስወጡት። ያም ሆኖ ሲመሽ አጎት ኽማይስ መጥተው መስኮቷ ሥር ቆሙ።

"አጎቴ፣ ማሞቂያው እኮ ወጥቷል" አልኳቸው በመስኮቷ።

"ሰምቻለሁ ልጄ" አሉኝ። "እጄ ግን አልሰማም።"

...

መጠርጠር ክፉ አይደለም፤ ልጅ ያላት እናት ትጠረጥራለች። ግን ከመፍረዳችን በፊት አንዴ "ለምን?" ብለን ብንጠይቅ... የምናውቅ ደግሞ ምክንያቱን ሳንደብቅ ብንናገር፣ ሰው ይተርፋል።

እስቲ እናንተ... በክፉ ጠርጥራችሁት፣ ኋላ ሲጠብቃችሁ እንደነበር ያወቃችሁት ሰው አለ? ይቅርታ ጠየቃችሁት ወይስ እስከ ዛሬ አላወቀም? ኮሜንት ላይ ስሙን ጻፉለት።