ለሕፃኗ ያልደረሰው ሥር

ቅዳሜ ጠዋት ቤት ውስጥ የነበሩት ታረቀኝ፣ አራሷ ሚስቱ ስንዱና የአየር ተቆጣጣሪዋ ወይዘሮ አስካለ ናቸው። ሕፃኗ ገና ሐኪም ቤት ናት። የከተማው አየር ከተበላሸ ወዲህ፣ ሥር የሰደደ የራሱ ተክል የሌለው ሰው ቤት ውስጥ ማደር አይፈቀድለትም።

ስንዱ ነፍሰ ጡር ሳለች፣ ለሚወለደው ልጅ ተክል እንዲሆን ከተክሏ አንዱን ቅርንጫፍ ልጣ፣ እርጥብ ሰጋቱራ አልብሳ፣ በጥቁር ፌስታል አስራው ነበር።

«ሥር እስኪያወጣ እንዳትነካው» ብላ ባሏን አስጠንቅቃዋለች። ታረቀኝን ግን ጭንቀቱ አላስቀምጠው ብሎ፣ እሷ ዘወር ባለች ቁጥር እየፈታ ያየው ነበር።

ወይዘሮ አስካለ ፌስታሉን ፈቱት። ሰጋቱራው ደርቋል፤ ብቅ ያለውም ሥር ጠቁሮ ቀርቷል።

«ነፋስ ገብቶበታል። ማነው የከፈተው?»

ስንዱ ወደ ባሏ ዞረች። «አንተ ሰውዬ! ስትጎረጉረው ነው የከረምከው?»

«አውጥቶ እንደሆነ ብዬ...» አለ ታረቀኝ።

«እንግዲህ ልጅቷ እዚያው ትቆያለቻ» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

ታረቀኝ ከመስኮቱ ሥር የራሱን ተክል ከነሸክላው አንስቶ ፊታቸው አስቀመጠው።

«በልጅቷ ስም ያዙሩልኝ።»

ማታ ሕፃኗ ቤቷ ገባች። ስንዱ ሌላ ቅርንጫፍ ልጣ አሰረች፤ ታረቀኝም ጭምብሉን አጥልቆ ተክል የሌላቸው ሰዎች ወደሚያድሩበት የሕዝብ ማደሪያ ሄደ።