የአስራ አንድ ሰዓት በረራ

የአውሮፕላን ቲኬት ሻጯ ከባሏ ስትሸሽ ይህን ከተማ የመረጠችው በርቀቱ ነው። በሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ከዘጠኝ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ አለ፤ በረራው አስራ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ይህን ሁሉ አቋርጦ ዱላው አይደርስብኝም ብላ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሥራ ላይ እያለች ደወለላት።

«የምትኖሩበትን አገኘሁት» አላት። «አሁን አውሮፕላን ውስጥ ነኝ። ልጄን ልወስድ እየመጣሁ ነው።»

«ናና ባዶ ቤት ታቀፍ።»

«የትም ብትገቢ አታመልጪኝም» ብሎ ዘጋባት።

ኮምፒውተሯ ላይ በረራውን ፈለገች። ስሙ ከተሳፈሩት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ አለ። ጥቂት ቆይቶ አውሮፕላኑ ከዚያ መነሳቱን አየች። ልቧ መለስ አለ። አስራ አንድ ሰዓት ልጅ ይዞ እግሬ አውጪኝ ለማለት ይበቃል።

ቦርሳዋን አንስታ ትምህርት ቤት ደወለች።

«ልጄን ልወስዳት እየመጣሁ ነው፤ አዘጋጁልኝ።»

«ውይ፣ አባቷ ወስዷት ከወጣ ሁለት ደቂቃ አልሞላም እኮ» አለች መምህሯ። «ከሩቅ አገር መጣሁ አለኝ። ልጅቷም ገና ስታየው አባዬ ብላ እጁን ያዘች። ምነው፣ ችግር አለ?»

ዘግታባት የልጇን ስልክ መታች። ወዲያው ተነሳ። ከጀርባ የሞተር ጉርምርምታ ይሰማል።

«የት ነሽ የኔ ልጅ?»

«ከአባዬ ጋ ነኝ። መስኮቱ ጋ አስቀመጠኝ» አለች ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እማዬ፣ ደመናው ከበታቻችን ነው።»