«በሞቴ» የማይባልበት ቤት

የሰው ጠባይ ኮሌታው ላይ በተሰፋ ቁልፍ መነበብ ከጀመረ ወዲህ ወይዘሮ ደብሪቱ ራሳቸውን አውቀዋል። ቁልፋቸው «አስገዳጅ» ይላል፤ ሰውን ሲያስገድዱ ይጮኻል። ስለዚህ ዛሬም የልጃቸው ባል ሙላት ሁለቴ ጎርሶ «በቃኝ» ሲል እንደ ድሮው አልተሟገቱትም።

«እሺ ልጄ» ብለው ትሪውን አነሱ። ቁልፋቸው ዝም አለ፤ ኮሩ።

የሙላት ዓይን ግን ትሪውን እስከ ጓዳው በር ሸኘ። ያኔ ኮሌታውን አዩት፤ «ይሉኝተኛ» ይላል። የራሳቸውን ሲያነቡ የሱን ሳያነቡ ከርመዋል!

ትሪውን መለሱ፤ ቁልፋቸውን በጥሰው የሚጥሚጣው ዕቃ ውስጥ ከተቱት።

«በሞቴ! አፈር ስሆን!»

ቁልፉ ከሚጥሚጣው ውስጥ ጮኸ። ሙላት አፉን ሞልቶ ሳቀ።

«እማማ፣ ሦስት ወር ሙሉ ከእርስዎ ቤት ስወጣ ምግብ ቤት ነበር የምገባው!»