ለስድስት ሰው ነው፣ ጋሼ

ልጆቻቸው ትዳር ይዘው ከወጡ ወዲህ፣ የሂሳብ መምህሩና ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ የቅዳሜን ምሳ ውጭ፣ አንድ ምግብ ቤት ይበላሉ። ሐሳቡ የእሷ ነበር።

የምግብ ቤቱን የአስተናጋጆች አለቃ ከረባት ስለማይለየው ደንበኞች «ሚኒስትሩ» ይሉታል። ሚኒስትሩ ባልና ሚስቱን ባየ ቁጥር ፈገግ ብሎ ይቀበልና ከምሰሶው ጀርባ፣ ከወጥ ቤቱ በር ሥር ወስዶ ይወሽቃቸዋል። ጠረጴዛዋ ሁለት ሳህን ካረፈባት ለብርጭቆ አትተርፍም። ጉልበት ከጉልበት ይጋጫል። መምህሩ ጋዜጣውን የሚዘረጋበት ስለሚያጣ አጣጥፎ ይቀመጥበታል።

«ያ የመስኮቱ ጠረጴዛ ባዶ አይደል እንዴ?» ይላል።

«ለስድስት ሰው ነው፣ ጋሼ።»

«ስድስቱ የታሉ?»

«ይመጣሉ፣ ጋሼ።»

«የሁለት ሰው ሆድ ሆድ አይደለም?» ትላለች ሚስቱ፣ ከባሏ ብሳ።

ምሳው እስኪያልቅ መምህሩ ሚኒስትሩን ሲቦጭቅ ይቆያል። አካሄዱን፣ አንገቱን፣ ድምፁን ያስመስላል። እሷ በሳቅ ትፈርሳለች። ከዚያ ወሬ ወሬን ይጠራል።

ባለፈው ቅዳሜ ግን መምህሩ መላ ዘየደ። ገና በሩ ላይ፣ «ስድስት ነን፤ አራቱ ከኋላ እየመጡ ነው» አለ።

ሚኒስትሩ ሚስትየዋን አየ። ሚስትየዋ ጣሪያውን አየች። ግራ ቢገባው መስኮቱ ጋ አስቀመጣቸው።

መምህሩ አገር እንደያዘ ሰው ደረቱን ነፋ። ከጠረጴዛው ወዲያኛው ጫፍ ተንሰራፍቶ ጋዜጣውን ዘረጋ። ሾርባው መጣ። መምህሩ ገጽ ገለጠ።

«ሊዘንብ ነው መሰለኝ» አለች ሚስቱ።

«እህ» አለ ከጋዜጣው ጀርባ።

ሾርባው ቀዘቀዘ። ሌላ ገጽ ተገለጠ። በመጨረሻ ሚኒስትሩ መጣ።

«ጋሼ፣ አራቱ ቀሩሳ! እንግዲህ ይነሱልኝ።»

«ይሄ ግፍ ነው!» መምህሩ ጮኸ።

«ዓይን ያወጣ ግፍ!» አለች ሚስቱ፤ ቦርሳዋን አንስታ ከሁሉም ቀድማ ከምሰሶው ጀርባ ገባች።

መምህሩ እየተነጫነጨ ተከተላት። ጋዜጣው ላይ ቁጭ ብሎ ሚኒስትሩን ማማት ጀመረ። እሷ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከሚኒስትሩ ወደ አማቻቸው፣ ከአማቻቸው ወደ ተጫጩበት ዘመን ተሻገሩ። መምህሩ ሳያውቀው እጇን ይዞ ነበር።

ከምሳ በኋላ ልትታጠብ ተነሳች። መንገዷን ቀየር አድርጋ ሚኒስትሩን በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬ ምን ነካህ? እሱ ቢጮህም፣ እኔ ብጮህም፣ ሌላ ቦታ እንዳታስቀምጠን ብዬህ አልነበረም?»